84 ጨዋታ ብቻ አሸንፎ ወርልድ ሲሪስ የገባ ቡድን ዋንጫ ይበላል? አሪዞና ከቴክሳስ

የእባቡ ወገን (ሐሙስ፣ ኦክቶበር 26፣ 2023)

ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ማታ ወርልድ ሲሪሱ (የአሜሪካ ቤዝቦል ፍጻሜ፣ ቀድሞ አራት ጨዋታ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል) ይጀመራል፣ እኔ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ጓደኞቼ ደግሞ ይስቁብኛል። የአሪዞና ዳይመንድባክስ እኮ ነው የምላችሁ፣ የእባብ ስም ያለው ቡድናችን! በሲዝኑ 84 አሸንፎ 78 የተሸነፈ፣ ካስገባው ረን (ነጥብ) የገባበት በ15 የሚበልጥ፣ በ2021 ደግሞ 110 ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን። ፕሌይኦፍ (ከሲዝኑ በኋላ ያለው ጥሎ ማለፍ) መግባቱ የተረጋገጠበት ቀን እንኳን ራሱ ተሸንፎ ተፎካካሪው ሬድስም ስለተሸነፈ ነው ያለፈው። ከዛ ምን ሆነ፣ ብሪወርስን 2 ለ 0 ሸኘ፣ 100 ጨዋታ ያሸነፈውን ዶጀርስን 3 ለ 0 ጠረገው፣ በፊሊስ 2 ለ 0 ከተመራ በኋላ ደግሞ ፊላዴልፊያ ድረስ ሄዶ 6ኛውንም 7ኛውንም እዛው ሜዳቸው ላይ አሸንፎ መጣ።

ጥያቄዬ፣ ከቴክሳስ ሬንጀርስ ጋር የምር ዕድል አለን ወይስ እስካሁን የተጓዝነው በአጋጣሚ ነው? "ልብ አለን" "አንድነት አለን" ምናምን እንዳትሉኝ እሱን እኔም እላለሁ። ከሜዳው ላይ የሚታይ ምክንያት ስጡኝ። ደግሞ ቴክሳስ ራሱ 90 ያሸነፈ ቡድን አይደል እንዴ፣ ለምንድነው ሰው ሁሉ እንደ ጎልያድ የሚያወራው?

ቁጥር አይዋሽም

ወንድሜ ተረጋጋ። ቤዝቦል ላይ ትልቅና ትንሽ የሚባለው ነገር ሰው እንደሚያስበው አይደለም። ሲዝኑን በሙሉ አንደኛ ሆኖ የጨረሰ ቡድን እንኳን ከአስር ጨዋታ አራቱን ገደማ ይሸነፋል። ቴክሳስ እያንዳንዱን ጨዋታ የማሸነፍ ዕድሉ 55 በመቶ ነው እንበል (ይሄ ለነሱ ቸር ሆኜ ነው)፣ እሱን በሰባት ጨዋታ ስታሰላው ሲሪሱን የመውሰድ ዕድላቸው 61 በመቶ ገደማ ነው የሚመጣው። በቃ። ለአሪዞና 39 ይቀራል ማለት ነው፣ ከዘውድና ጎፈር ትንሽ ያነሰ። 60 በመቶ ብትሰጣቸው እንኳን 71 ነው የሚሆኑት። ዋንጫ ላይ የሚያስገርም ነገር በየጊዜው የምናየው ለዚህ ነው፣ ሰባት ጨዋታ በጣም አጭር ነው።

ታሪክም አለልህ። በ2006 ካርዲናልስ 83 ብቻ አሸንፎ ገብቶ 95 ያሸነፈውን ዲትሮይትን 4 ለ 1 ነው የረታው፣ ከናንተ በአንድ ያነሰ ማለት ነው። በረን ልዩነቱ የምትጨነቅ ከሆነ ደግሞ የ1987ቱን ሚኔሶታ ተመልከት፣ 85 አሸንፎ፣ የገባበት ረን ካስገባው በልጦ፣ ዋንጫውን ወሰደ። እነሱ እንኳን የራሳቸው ተንኮል ነበራቸው፣ ሜዳቸው ላይ 56 ለ 25፣ ከሜዳቸው ውጪ 29 ለ 52 የሆነ ጉደኛ ቡድን፣ በወርልድ ሲሪሱም አራቱንም ያሸነፉት ቤታቸው ነው። ግን ለሚዛን ያህል ልንገርህ፣ በ1973 ሜትስ 82 አሸንፎ ገብቶ እስከ ሰባተኛ ጨዋታ ተናንቆ በኦክላንድ ተሸንፏል። ሁሉም ተረት በሰርግ አያልቅም።

ቦቺ ያውቃል

እንግዲህ የቴክሳስ ሰው መናገር አለበት መሰለኝ፣ ዝም ስንል የሌለን እያስመሰላችሁ ነው።

አንደኛ እኛም እኮ በ2021 102 ጨዋታ ተሸንፈናል፣ ትንሽነት በናንተ አልተጀመረም። ይሄ ፍራንቻይዝ ከ1961 ጀምሮ አንድም ዋንጫ የለውም፣ አንድም! በ2011 ወርልድ ሲሪስ ስድስተኛው ጨዋታ ላይ ሁለት ጊዜ ዋንጫው አንድ ስትራይክ (አንድ ያልተመታች ኳስ) ብቻ ሲቀረን አምልጦናል። እናንተ በ2001 ያንኪስን አሸንፋችሁ የዋንጫ ቀለበት አላችሁ፣ ራንዲ ጆንሰንና ሺሊንግ ነበሯችሁ። ታዲያ ማን ነው እዚህ ጋ ምስኪን?

ሁለተኛ ባልቲሞር 101 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነው፣ 3 ለ 0 ጠረግነው። ሂውስተንን በገዛ ሜዳቸው አራት ጊዜ አሸነፍነው። በዚህ ፕሌይኦፍ ከሜዳችን ውጪ 8 ተጫውተን 8 አሸንፈናል። አዶሊስ ጋርሲያ ከሂውስተን ጋር ብቻ 15 ረን ነው ያስገባው፣ በአንድ የፕሌይኦፍ ሲሪስ እንደዚህ ያደረገ ሰው የለም። ሲገር በ2020 ከዶጀርስ ጋር የወርልድ ሲሪስ ኤምቪፒ (ኮከብ ተጫዋች) የነበረ ሰው ነው። ፒቸራችን (ኳስ ወርዋሪያችን) ኢዮቫልዲ በዚህ ፕሌይኦፍ 4 ለ 0 ነው፣ አራት አሸንፎ አንድም አልተሸነፈም። ደግሞ ዳጋውቱ ውስጥ የተቀመጠው አሰልጣኝ ብሩስ ቦቺ ነው፣ ከጃያንትስ ጋር በ2010፣ በ2012 እና በ2014 ዋንጫ የወሰደ ሽማግሌ፣ መቼ ፒቸር እንደሚያነሳ ከሱ በላይ የሚያውቅ ካለ አሳዩኝ።

ኧረ የ61 በመቶህን ነገር ተወው አቦ፣ ስሌት ሜዳ ላይ ኳስ አይመታም ሃሃሃ

የእባቡ ወገን

@ቦቺ ያውቃል ምስኪን ነን ትላላችሁ እንዴ በናትህ?? ለሲገር 10 ዓመት 325 ሚሊዮን ዶላር፣ ለሴሚየን 175 ሚሊዮን የከፈለ ቡድን ምስኪን ነኝ ሲል መስማት ደስ ይላል። እኛ ዘንድ ትልቁ ዜና ካሮል 111 ሚሊዮን ሲፈርም ነበር፣ እሱም ለ8 ዓመት።

መጀመሪያ ቤዝ

ሰው ሁሉ ስለ ሆም ረን (ከአጥር በላይ ተመቶ ረን የሚያስገባ ኳስ) ነው የሚያወራው፣ የዘንድሮው አሪዞና ግን የሚለየው በእግሩ ነው። እኔ የማንም ደጋፊ አይደለሁም፣ ሲሮጡ ማየት ግን ነፍሴ ነው።

ዘንድሮ ሕጉ ተቀይሯል፣ ቤዙ (ሯጩ የሚረግጠው ማዕዘን) ከ15 ኢንች ወደ 18 ኢንች ሰፍቷል፣ ፒቸሩ ደግሞ ለአንድ መቺ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው ከመወርወሪያ ቦታው ወርዶ ሯጩን መመለስ የሚችለው፣ ሦስተኛ ጊዜ ሞክሮ አውት ካላደረገው ሯጩ በነጻ አንድ ቤዝ ያልፋል። ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነገር ነው የሚመስለው ግን ፈጣን ልጅ ያለው ቡድን ወርቅ አገኘ ማለት ነው። አሪዞና በሲዝኑ 166 ቤዝ ሰርቋል (ኳሱ ሳይመታ ሮጦ ቀጣዩን ቤዝ ይዟል)። ካሮል ብቻውን 54፣ በዛ ላይ 25 ሆም ረን፣ ሩኪ (የመጀመሪያ ዓመት ተጫዋች) ሆኖ! ከፊሊስ ጋር ሰባተኛው ጨዋታ ላይ አላያችሁትም? ሦስት ሂት፣ ሁለት ስርቆት፣ ሁለት ረን አስገብቶ ራሱም ሁለቴ ገባ። የፊሊስ ፒቸሮች ልባቸው መጀመሪያ ቤዝ ላይ ሆኖ እጃቸው ኳስ ይወረውር ነበር፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ፣ እነሱ ጠርጥረውም ተመነጠሩ።

ቴክሳስ ግን ቀላል አይደለም። ካቸራቸው (ከመቺው ኋላ ኳስ የሚቀበለው) ሃይም ጥሩ እጅ አለው። ፒቸራቸው ጆርዳን ሞንትጎመሪ ደግሞ ግራኝ ነው፣ ግራኝ ፒቸር ሲቆም ፊቱ ወደ መጀመሪያ ቤዝ ስለሆነ ሯጩን እያየ ነው የሚወረውረው፣ ካሮልም የሚመታው በግራ ስለሆነ በሱ ጨዋታ ላይ ሁለት ጊዜ ይቸገራል። ስለዚህ እኔ የማየው ካሮልና ማርቴ በኢዮቫልዲ ጨዋታ ስንት ጊዜ ቤዝ ላይ ይደርሳሉ የሚለውን ነው። ከደረሱ ይሮጣሉ። ካልደረሱ 166ቱም ወረቀት ላይ ይቀራል።

ቡልፔን በር ላይ

እህቴ ስለ እግሩ ያልሽው ልክ ነው ግን ሲሪሱን የሚወስነው እግር አይደለም፣ አራተኛው ጨዋታ ነው። ማንም ስለሱ እያወራ አይደለም፣ ይገርመኛል።

አሪዞና ያለው ስታርተር (ጨዋታ የሚጀምር ፒቸር) ሦስት ነው። ጋለን፣ ኬሊ፣ ፋድት። ከነሱ በኋላ ማን? ማንም። ከፊሊስ ጋር አራተኛውን ጨዋታ ጆ ማንቲፕላይን አስጀምረው ከዛ አንዱን በአንዱ እየተኩ ነው የጨረሱት፣ አሸነፉ እሺ፣ 6 ለ 5፣ ግን እንዴት? አሌክ ቶማስ በስምንተኛው ከቤንች ተነስቶ በፊሊሱ ፒቸር ኪምብረል ላይ ሆም ረን መቶ ነው አቻ ያደረጋቸው። በየሳምንቱ እንደዚህ አይነት ነገር አይገኝም።

አሁን ካሌንደሩን እዩት። ዓርብና ቅዳሜ አርሊንግተን፣ እሁድ እረፍት፣ ከዛ ሰኞ ማክሰኞ ረቡዕ ሦስት ቀን ተከታታይ ፊኒክስ። ያ የቡልፔን (የተቀያሪ ፒቸሮች) ጨዋታ ማክሰኞ ነው፣ መሀል ላይ። ሰኞ ፋድት ከዘጠኙ ኢኒንግ (ዙር) አምስቱን ብቻ ከወረወረ (አሰልጣኙ ሎቩሎ ደግሞ መቺዎቹ ሦስተኛ ጊዜ ሳይደርሱበት ነው የሚያወጣው) ተቀያሪዎቹ ጊንከልና ቶምፕሰን ሰኞ ይሰራሉ፣ ማክሰኞ ሁሉም ይሰራል፣ ረቡዕ ማን ቀረ? እነዚህ ሰዎች በአንድ ወር ውስጥ የወረወሩትን እኮ ስታዩ እጅ ነው ላስቲክ አይደለም። ቴክሳስን የመሰለ መቺ ቡድን ደግሞ አንድን ሪሊቨር (ተቀያሪ ፒቸር) ሁለት ሦስት ጊዜ ካየው በኋላ አይምረውም። በዛ ላይ ክሎዘራቸው (ጨዋታ ዘጊው ፒቸር) ሲዋልድ በዚህ ፕሌይኦፍ አንድም ረን አልገባበትም፣ አሪፍ ነው፣ ግን ኳሱ እንደሌሎቹ ክሎዘሮች እሳት አይደለም፣ ከፍ አድርጎ ነው የሚያሳስተው፣ ሲገር ደግሞ ከፍ ያለች ኳስ ይወዳል።

የኔ ግምት ቴክሳስ በስድስት።

የእባቡ ወገን

ጋሼ ያሳሰበኝን ነገር ነው የነካኸው፣ ማክሰኞን ሳስብ ሆዴን ያመኛል። ግን የናንተ ቡልፔን ምን ሆኖ ነው ስለ ቡልፔን የምናወራው? ሬንጀርስ በሲዝኑ እየመሩ ሊያድኑት (መሪነቱን ሊያስጠብቁ) ከወጡት ጨዋታ 30 አድነው 33 ነው ያበላሹት! ክሎዘራችሁ ሌክለርክ ከሂውስተን ጋር በአምስተኛው ጨዋታ ዘጠነኛው ኢኒንግ ላይ ለአልቱቬ ያቀበላትን፣ ሆም ረን የሆነችውን ኳስ ሁላችንም አይተናል። ስታርተራችሁ ሸርዘርም ከጉዳት ተመልሶ ሦስተኛው ጨዋታ ላይ አራት ኢኒንግ ወርውሮ አምስት ረን ነው የገባበት፣ ሰባተኛው ላይ ሦስት ኢኒንግ እንኳን አልሞላም። ስለዚህ እናንተም ሦስተኛና አራተኛ ስታርተራችሁ ላይ ቀዳዳ አለ።

ቡልፔን በር ላይ

እኔ የቴክሳስ ሰው አይደለሁም ልጄ፣ የማንም አይደለሁም፣ ያየሁትን ነው የምናገረው። ልዩነቱ ቴክሳስ ቀዳዳውን በመምታት ይደፍነዋል፣ 5 ገብቶበት 9 ያስገባል። አሪዞና 5 ከገባበት ጨዋታው አለቀ።

ሮኪስ 07

የዛሬ 16 ዓመት የሆነውን ያስታወሰ የለም? በ2007 ኮሎራዶ ሮኪስ ከመጨረሻዎቹ 22 ጨዋታዎች 21 አሸንፎ ነው ወርልድ ሲሪስ የገባው፣ በመንገዱ ላይ 4 ለ 0 የጠረገው ደግሞ ማንን ነው፣ ይሄንኑ አሪዞናን። እኛም "ማን ያቆመናል" ስንል ነበር። ከዛ ስምንት ቀን ቁጭ ብለን ጠበቅን፣ ቦስተን የመጀመሪያውን 13 ለ 1 ገጨን፣ በአራት አለቀ። ስለዚህ ትኩሳት ትኩሳት አትበሉኝ፣ ትኩሳት ይበርዳል። አንድ የሚያጽናናችሁ ነገር እናንተ የምትጠብቁት ሁለት ቀን ብቻ ነው፣ ማክሰኞ ጨርሳችሁ ዓርብ ትጫወታላችሁ፣ ቴክሳስም ሰኞ ነው የጨረሰው። የኛ ዓይነት ዝገት አይነካችሁም።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ እኔ ጨዋታውን ገና እየተማርኩ ነው፣ 84 ያሸነፈ እንዴት ፕሌይኦፍ ይገባል? ከሱ በላይ ያሸነፉ ሁሉ ገብተው ነው?

ቁጥር አይዋሽም

እንኳን ደህና መጣህ። ከ2022 ጀምሮ ከየሊጉ ስድስት ቡድን ነው የሚገባው፣ ሦስቱ የዲቪዥን (ምድብ) አሸናፊዎች ሦስቱ ዋይልድ ካርድ (ከቀሩት ብዙ ያሸነፉ)። አሪዞና በናሽናል ሊግ የመጨረሻዋን ስድስተኛ ቦታ ነው የያዘው፣ ካብስ በ83 ውጪ ቀረ። አንዲት ጨዋታ ማለት ናት ልዩነቷ። በድሮው አሠራር ቢሆን አሁን ቤታቸው ቁጭ ብለው ነበር። አንዳንድ ሰው "ይሄማ ሲዝኑን ዋጋ ያሳጣዋል" ይላል፣ እኔ እንኳን ግማሹን እስማማለሁ፣ ግን ያለው ሕግ ይሄ ነው፣ የገባ ገባ።

ቦቺ ያውቃል (ዓርብ ሌሊት)

አላልኳችሁም???? ሲገር!!!! ሲገር ነው ያልኳችሁ!!! ዘጠነኛ ኢኒንግ 5 ለ 3 እየተመራን፣ ሲዋልድ ታቬራስን በዎክ (አራት መጥፎ ኳስ ወርውሮ በነጻ) አሳለፈው፣ ከዛ ከፍ ያለችውን ኳስ ሲገር ወደ ሰማይ ላካት፣ አቻ! በአስራ አንደኛው ደግሞ ጋርሲያ ጨረሰው 6 ለ 5። ጎረቤት ቀስቅሻለሁ ይቅርታ አልጠይቅም

የእባቡ ወገን

አታናግረኝ ዛሬ። ሁለት አውት ቀርቶን ነበር።

መጀመሪያ ቤዝ

እኔ ግን ይሄን ጨዋታ አሪዞና ተሸነፈ ብዬ አላየሁትም፣ ስሙኝማ። ኢዮቫልዲ ያ 4 ለ 0 የነበረው ሰው አምስት ኢኒንግ ሳይሞላ አምስት ረን ገብቶበት ወጣ። ካሮል ሁለት ሰው ያስገባ ትሪፕል (ሦስተኛ ቤዝ ድረስ ያደረሰ ምት) መታ። ማለትም የቴክሳስን ምርጥ ስታርተር በሜዳው አውጥተውታል፣ የተሸነፉት በአንዲት ኳስ ነው። ልባቸው ካልተሰበረ ነገ ሌላ ጨዋታ ነው። ከተሰበረ ግን እውነት ነው ያልቃል።

ቡልፔን በር ላይ

ከፍ ያለች ኳስ። ሐሙስ ጽፌዋለሁ፣ ወደ ላይ ሄዳችሁ አንብቡት።

የእባቡ ወገን (ቅዳሜ ሌሊት)

9 ለ 1!!!! ሜሪል ኬሊ!!! ሰባት ኢኒንግ፣ ዘጠኝ ስትራይክ አውት (ሳይመቱ ያስወጣቸው መቺዎች)፣ አንድ ረን! ይሄ ሰውዬ እኮ ማንም ሜጀር ሊግ አያስፈልገውም ብሎት ኮሪያ ሄዶ አራት ዓመት ወርውሮ በ30 ዓመቱ ነው መጀመሪያ ሜጀር ሊግ የገባው፣ አሁን 35 ሆኖ በወርልድ ሲሪስ ሬንጀርስን አፉን አስያዘው። ቦቺ ያውቃል ወንድሜ ዛሬ የት ጠፋህ፣ ጎረቤትህ በሰላም ተኛ?

ቦቺ ያውቃል

ተኛ ተኛ። እሺ ኬሊ በልጦናል፣ ምን እላለሁ፣ የሚወረውረውን እኛም አላየነውም እሱም የነገረን አይመስለኝም። ግን አንድ ለአንድ ነው፣ አሁን ወደናንተ ሜዳ ነው የምንመጣው፣ እኛ ደግሞ ከቤት ስንወጣ እንዴት እንደምንሆን ታውቃለህ። 8 ለ 0።

ቁጥር አይዋሽም

አንድ ለአንድ ማለት የቀረው አምስት ጨዋታ ነው፣ ሦስቱ ፊኒክስ። በእያንዳንዱ ጨዋታ አሪዞናን እኩል በእኩል ካደረግነው (ቤታቸው ስለሆነ) አሁን የምር ዘውድና ጎፈር ነው። ከሐሙስ የተሻለ ቦታ ላይ ናችሁ፣ ዓርብ እንደዛ ተሸንፋችሁም ጭምር።

ቡልፔን በር ላይ

ስሌቱ ማክሰኞንም እንደ ሰኞ ነው የሚቆጥረው። ማክሰኞ እኩል በእኩል አይደለም። ኬሊ ሰባት ኢኒንግ መወርወሩ ለቡልፔኑ ትልቅ እረፍት ነው፣ ዛሬ ትልቁ ነገር ውጤቱ ሳይሆን እሱ ነው፣ ጊንከልም ሲዋልድም አልተነኩም። ሰኞ ፋድት ስድስት ከሰጣቸው ሐሳቤን ልቀይር እችላለሁ። አራት ከሰጣቸው ግን በስድስት ያልኩት ወደ አምስት ይወርዳል።

የእባቡ ወገን

ፋድት እኮ ከፊሊስ ጋር ሦስተኛው ጨዋታ ላይ አንድም ረን ሳይገባበት ዘጠኝ ስትራይክ አውት ነው ያደረገው፣ ሩኪ ነው ብላችሁ አትናቁት። ሰኞ ከሸርዘር ጋር ነው የሚገናኘው፣ ሸርዘር ደግሞ በ2008 ሜጀር ሊግ ሲጀምር የኛ ልጅ ነበር፣ እኛ ነን ለዲትሮይት የሰጠነው፣ ሞኝነታችን። ሰኞን አልፈራም።

ማክሰኞ ግን ማን እንደሚጀምር የሰማ ሰው አለ? ማንቲፕላይ ነው የሚሉ አሉ።

ቡልፔን በር ላይ

ማንቲፕላይ ይጀምራል፣ ከሱ በኋላ ማን እንደሚመጣ ሎቩሎም አያውቅ።